በጭነት መኪና ውስጥ ለሚያድር ቤተ ሰብ፤ ከስሕተታችን የተገኘ ምክር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የክረምት ልብስን ስለ ማድረቅና ስለ ሕፃናት ሳል ጥቂት ቃል አቅርበን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ጒዞ እንነጋገራለን። ጒዞ ስንልም ቲኬት ቈርጦ በአውቶቡስ መሳፈርን ማለታችን አይደለም። የራሱ ወይም የዘመዱ የጭነት መኪና ያለው ቤተ ሰብ ዕቃውን ጭኖ፣ በዕቃው ላይ ፍራሽ አንጥፎ፣ ከላይ ሸራ ዘርግቶ፣ መኪናውን እንደ ቤት አድርጎ ስለሚሄድበትና ስለሚያድርበት ጒዞ ነው።

ይህ ዐይነት ጒዞ በእኛ በአሶሳ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በነቀምት በኩል እስከ አሶሳ ያለው መንገድ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ ነቀምት ሲደርስ ገና እኩሌታውን መሄዱ ነው፤ ከዚያም ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ፣ ወደ ጊምቢ ወጥቶ፣ ነጆንና መንዲን አልፎ፣ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ፣ ባምባሲን ረግጦ አሶሳ ይገባል። ማንጎ በሚደርስበት ወራት ፍሬው በኢሱዙ ተጭኖ ወደ መካከል አገር ይወጣል፤ መኪናውም ሲመለስ ሸቀጥና የቤት ዕቃ ይዞ ይገባል። ወደ ክልላችን የተዛወረ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡን ከነጓዙ በዚያው መኪና ያመጣል። መንገዱ በጭነት መኪና፣ ይልቁንም በክረምት፣ በአንድ ቀን አይገፋም። የአልቤርጎ ኪራይ ለአባወራ ይከብዳል፤ ዕቃውን በመንገድ ዳር ትቶ መሄድም ያሰጋዋል፤ ስለዚህ ከነልጆቹ በመኪናው ውስጥ ያድራል።

እኛ በችግር ምክንያት የምናደርገውን ይህን ነገር በሌላው ዓለም፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ ለመዝናናት ብለው የሚያደርጉት ሰዎች ብዙ ናቸው። በትንሽ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ አልጋና ምድጃ፣ የውሃም ጋን ያለበት ትንሽ ቤት ይጭኑና አገር ለአገር ይዞራሉ። የእነርሱ ስሕተት ከእኛው ስሕተት ጋር አንድ መሆኑን በተረዳን ጊዜ ተደንቀናል። ባለቤቱ ቤቱን ሲገዛ አልጋውን ይቈጥራል፤ ምድጃውን ይመረምራል፤ በመኪናው በር ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ ግን አያነብም። ከዚያም ውሃውን ሞልቶ፣ ስንቁን ጨምሮ፣ ልጆቹን አሳፍሮ ሲነሣ፣ ጐማውና ባሌስትራው ከዐቅማቸው በላይ ተሸክመው ይገኛሉ። እንግዲህ ባለጠጋውም ድኻውም የሚወድቅበት ጒድጓድ አንድ ነው ማለት ነው።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን ስለ መኪና አደጋ የተሰጠ ቃል በብዙ ጽፈናል። ቃሉም ከሞላ ጐደል አንድ ዐይነት ነው፦ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ፤ ጐማው ፈነዳብኝ፤ መንገዱ ከዳኝ» የሚል ነው። «እኔ አጠፋሁ» የሚለውን ቃል የጻፍንበት ቀን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ሌላውን ሰው ለመውቀስ አፍ የለንም። እኛም ራሳችን በመንገድ ላይ ያጠፋነውን ጥፋት አንድ ዓመት ሙሉ ሸሽገን ይዘን ነበርና፤ የዛሬው ጽሑፋችንም ያንኑ ለመግለጥ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከባለቤታችን ወንድም ጋር በዕቁብ ገንዘብ አንድ ያገለገለ የጭነት መኪና በሽርክና ገዝተን ነበር። እርሱ ራሱ ሾፌር ነው። በካሶኒው ላይ ከአገራችን ቀርከሃ ቅስት ሠርተን፣ ሸራ አልብሰን፣ ቤት የሚመስል ነገር ባደረግነው ጊዜ ልጆቻችን በደስታ ዘለሉ፤ እኛም በሥራችን ኮራን። በነሐሴ፣ ችሎት በሚዘጋበት ወራት፣ ባለቤታችንንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን በነቀምት የሚኖሩትን አያታቸውን ልንጠይቅ ሄድን። ሄደን ሰንብተን እስክንነሣ ድረስ አንዳች ክፉ ነገር አላገኘንም፤ ስሕተታችን የጀመረው ለመመለስ ስንጭን ነው።

በሊብሬው ላይ የተጻፈው የመኪናው የጭነት ልክ 35 ኩንታል ነው። አማቻችን ለንግዱ የሚሆነውን 35 ኩንታል ሸቀጥ በሚገባ ጫነ። እኛ ደግሞ በዚያ ላይ አያታቸው የሰጡንን 3 ኩንታል ጤፍ፣ አንድ የእንጨት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን፣ ፍራሾችን፣ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ውሃ ጨመርን። «የቤት ዕቃ እኮ ጭነት አይደለም» አልን። በኋላ በወረቀት ላይ ስንደምረው ከነሰዎቹ ሰባት ኩንታል ያህል ትርፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ነን፤ ጀሪካኑን ስናነሣ ግን ትምህርታችንን ረሳነው።

በአጫጫንም ተሳስተናል። ጋቢናው የሚይዘው ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሰው ነበር። በዚያ ከአማቻችን ጋር ባለቤታችንና፣ ዘመድ ጠይቀው ወደ ባምባሲ የሚመለሱ አንዲት የበርታ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት እናት ተቀመጡ። እኛ ሁለቱን ልጆችና ረዳቱን ይዘን በጭነቱ ላይ ወጣን። ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈር ክልክል መሆኑን የምናውቅ፣ ስለዚሁም ነገር ፍርድ ስንገለብጥ የምንውል ሰው፣ የገዛ ልጆቻችንን እዚያ ላይ አስቀመጥን። ይህን ስንጽፍ እጅግ እናፍራለን።

ለመነሣትም ዘግይተን ስለ ነበር ቸኰልን። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ የደረሰብን ነገር እያንዳንዱ ከፊተኛው ስሕተት የተወለደ ነው።

ከነቀምት ወደ ደዴሳ ሲወረድ ቊልቊለቱ ረጅም ነው። አማቻችን ናፍታ ለመቈጠብ ብሎ መኪናውን በፎሌ ለቀቀው፤ መኪናው ሲፈጥንበትም ደጋግሞ ፍሬን ይረግጥ ጀመር። ከቊልቊለቱ እኩሌታ በታች የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እግዚአብሔር ረድቶን መኪናው ከሸለቆው ግርጌ ከደልዳላው ስፍራ ሲደርስ ቆመ፤ ከኋላው እግር ጢስ ይወጣ ነበር። ረዳቱ በጋለው ብረት ላይ ውሃ ሊያፈስ ሲሮጥ አማቻችን ያዘው፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ይሰነጠቃልና። እስኪበርድ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ቆየን። ጊዜው ወደ ምሽት ነበር፤ ስፍራው ቈላ ነው፤ ትንኙ ልጆቹን ነደፋቸው። አጎበር ይዘን ነበር፤ ነገር ግን የተቀመጠው ከቁም ሣጥኑ ሥር ነው።

ወደ ጊምቢ ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ከኋላ ካሉት ጥንድ ጐማዎች አንዱ ፈነዳ። መቀየሪያው ስኮርታ ደኅና ነበር፤ ክሪኩ ግን ከጤፉ ጆንያ በታች ተቀብሮ ነበር። ዝናም መዝነብ ጀመረ። በዝናሙ ውስጥ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ጤፉን በባትሪ መብራት እያወረድን ክሪኩን አወጣን። ሸራውም ተገልጦ ስለ ነበር ፍራሹና የልጆቹ ልብስ ራሰ። ጊምቢ ስንገባ ሌሊቱ ገፍቷል፤ ልጆቹ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። አማቻችንና ረዳቱ ከአንድ ወዳጃቸው ዘንድ ሊያድሩ ሄዱ፤ አሮጊቷ እናት በጋቢና ውስጥ ተኙ፤ እኛ አራታችን በሸራው ሥር ገባን።

ባለቤታችን ከሰል አያይዛ ሻይ አፈላች። የከሰሉ ጢስ እስኪያልቅ ድረስ ምድጃውን ከመኪናው በታች አቆየነው። ፍሙ ቀይ ሲሆንና ጢሱ ሲጠፋ፣ «እንግዲህ ጕዳቱ ወጥቶለታል» ብለን ወደ ውስጥ አስገባነው። ነፋስ እንዳይገባም ሸራውን በአራቱም ማዕዘን በገመድ አጥብቀን አሰርን። ሙቀቱ ደስ አሰኘን፤ ተኛን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳችንን ከበደን፤ ከመንገዱ ድካም የመጣ መሰለን። ታላቁ ልጃችን ተነሥቶ አስመለሰው፤ በመንገድ የበላው ነው አልን። የስድስት ዓመት ልጃችንን ብንጠራት አልመለሰችም፤ እንቅልፍ ጥሏታል ብለን ተውናት። እናንተ አንባቢዎች ሆይ፣ በዚህ ነገር ውስጥ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ያ መርዝ ሰውን ከመግደሉ አስቀድሞ ማስተዋሉን ይወስድበታል። ምክንያት እየሰጠን እንደገና ተኛን።

ያዳኑን አሮጊቷ እናት ናቸው። ልጁ ሲያስመልሰው ሰምተው፣ ዝም ማለታችን አላምር ብሏቸው በዝናም ወርደው የሸራውን ገመድ ፈቱት። ምድጃውን ባዩት ጊዜ በእጃቸው ጨብጠው ወደ ውጭ ወረወሩት፤ መዳፋቸውም ተቃጠለ። እኛ ለመነሣት ብንሞክር ጕልበታችን አልታዘዘንም። ልጃችንን እርሳቸው ስበው ወደ ጅራቱ አመጧት፤ ጩኸታቸውን የሰሙ ሰዎችም ደርሰው ተቀበሏቸው። ወደ ሐኪም ቤት ተወስዳ ኦክሲጅን ተደረገላት፤ ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገለጠች። ያን ሌሊት በበሩ ላይ ቆመን ያሰብነውን ነገር በጽሑፍ ለመግለጥ አንችልም።

በማግሥቱ እኒያን እናት፣ «እማማ፣ እንዴት ዐወቁ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ የእኛ ቤት ግድግዳው ሽመል ነው፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እንዲያም ሆኖ በከሰል ላይ በር ዘግተን አንተኛም። የእናንተ ቤት ግን እንደ ቅል የተደፈነ ነው። ጢስ ያለው እሳት ዓይንህን አቃጥሎ ያስወጣሃል፤ ጢስ የሌለውን ነው የምፈራው» አሉን። እኛ የቤተ ክህነቱንም የአስኳላውንም ትምህርት ቀምሰናል ስንል፣ ይህን የሚያውቁት ፊደል ያልቈጠሩት እርሳቸው ሆነው ተገኙ።

የነገሩም ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይንንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ከዚህ ጋዝ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጕልበት መዛል ነው፤ በመጨረሻም እንቅልፍ የሚመስል መሳት ይመጣል። ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ቶሎ ይጐዳሉ። የጢሱ መጥፋት ይህን ጋዝ አያጠፋውም፤ እንዲያውም የቀላው ፍም ያለ ጢስ ስለሚያወጣው ሰውን ያታልላል። ከሚሠራ ሞተር የሚወጣውም ጢስ ይህንኑ ጋዝ ይዟል፤ ስለዚህ ሞተር አስነሥቶ ለሙቀት ብሎ በጋቢና ውስጥ መተኛትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በአሜሪካ በመኪና ላይ ቤት የሚጭኑት ሰዎች ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ከአልጋቸው አጠገብ ይሰቅላሉ። ለእኛ ግን ከመሣሪያው ሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ምድጃውን በውጭ መተው ነው።

አሶሳ በደረስን ጊዜ ጐረቤት ሁሉ ልጃችንን ሊጠይቅ መጣ። «ምን ነካት?» ሲሉን፣ «ምች መታት» አልን። ከሰል አስገብተን ዘግተንባት ነበር ለማለት አፈርን። ባለቤታችን እውነቱን እንድንናገር ፈልጋ ነበር፤ እኛ ግን «የቤታችን ጉዳይ ነው» ብለን ዝም አሰኘናት። ልጃችን ድናለች፤ ነገሩም የተረሳ መሰለን።

በተከተለው ዓመት በሐምሌ አንድ ጐረቤታችን መኪናውን ለጭነት ተከራየን። ከነቀርከሃው ቅስት፣ ከነሸራው፣ ከነምድጃው ሰጠነው። ከአራት ቀን በኋላ አብሮት የሄደው ወጣት ረዳት በሰው ሸክም ሐኪም ቤት መግባቱን ሰማን። እርሱም እንደ እኛው ሸራውን ዘግቶ፣ ፍሙን ከአጠገቡ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ሦስት ቀን ከተኛ በኋላ ዳነ። ጐረቤታችን ወደ ቤታችን መጥቶ በደጃፍ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «ጋሼ፣ ይህን ነገር ያውቁ ነበርን?»

መልስ አልነበረንም። በችሎት ሰው ሲጠየቅና ዝም ሲል በመዝገብ «ዝም አለ» ብለን እንጽፋለን፤ ያን ቀን የእኛ ዝምታ በባለቤታችንና በልጆቻችን ፊት ተጻፈ። «በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት የለውም» የሚባለው ተረት ለራስ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ በሽታውን የሸሸገ ሰው ለጐረቤቱም መድኀኒት እንደሚነሣው ግን ያን ጊዜ ተማርን። በማግሥቱ ወደ ረዳቱ እናት ቤት ሄደን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ የሆነውን ሁሉ ተናገርን። ከዚያም ወዲህ ለሚጠይቀን ሁሉ፣ ለማይጠይቀንም ጭምር፣ እንናገራለን።

እንግዲህ መኪናውን ቤት አድርጎ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ከዚህ ስሕተት ያገኘነውን ምክር በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሊብሬውን ማንበብ ነው። የጭነቱ ልክ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን የቤት ዕቃውን፣ ውሃውን፣ ስንቁንና ሰውንም የሚጨምር መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከመነሣት በፊት በነበረው ምሽት አባትና እናት አብረው ተቀምጠው የሚጫነውን በወረቀት ይጻፉ፤ ክብደቱንም ይደምሩ። ውሃን ከቤት ጀምሮ ሞልቶ ከመሸከም ለአንድ ቀን የሚበቃውን ይዞ በየከተማው መቅዳት ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ከባዱን ወደ ታች፣ ቀላሉን ወደ ላይ፣ ግራና ቀኙንም አመዛዝኖ መጫን ነው። በክልላችን የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው ሸክማቸውን በሁለቱ ጫፍ እኩል አንጠልጥለው ሲሄዱ ያላየ ሰው የለም። ሸክሙ ቢከብድም አይወላገዱም፤ ሁለቱ ወገን ተመዛዝኗልና። በላዩ ቁም ሣጥን የቆመበት መኪና ግን በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ጥቂት ነገር ይበቃዋል።

ሦስተኛ፤ በመጨረሻ የሚጫነው በመጀመሪያ የሚፈለገው ይሁን። ክሪኩ፣ የጐማ መፍቻው፣ የእጅ ባትሪው፣ ታኮው፣ አጎበሩና የልጆቹ ደረቅ ልብስ በአንድ ከረጢት ሁነው እጅ በሚደርስበት ስፍራ ይቀመጡ። እኛ ያን ሌሊት አጎበርም ክሪክም ነበረን፤ ነገር ግን ከሥር የተቀበረ ንብረት እንደሌለ ይቈጠራል። በደዴሳና በዳቡስ ቈላ፣ በአሶሳም ዙሪያ፣ ወባ ስላለ፣ ከዝናም ወራት በኋላም ስለሚበረታ፣ አጎበር ለመንገደኛ እንደ እንጀራ አስፈላጊ ነው። ልጃችን በዚያ ጒዞ ማግሥት ከመዳኗ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታላቅ ወንድሟ በወባ ተኝቷል።

አራተኛ፤ ጐማን ሳይሞቅ በማለዳ መመርመር ነው። ነፋስ የጐደለው ወይም ከልኩ በላይ የተጫነ ጐማ በየዙሩ ስለሚተጣጠፍ ይግላል፤ ሲግልም ይፈነዳል። በጥንዶቹ የኋላ ጐማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም ካለ ማውጣት ይገባል፤ የጐማውን ጐን እየፈተገ ይበላዋልና።

አምስተኛ፤ ቊልቊለትን በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቊልቊል ውረድ የሚለውን የሾፌሮች ምክር እንቀበላለን። በፎሌ የሚወርድ መኪና ሸክሙን ሁሉ በፍሬን ላይ ይጥላል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኀይሉን ያጣል። ፍሬኑ እምቢ ያለን ራሳችን እምቢ እንዲል ስላስተማርነው ነው። በዚያ የሚቈጠበው ናፍታ የአንድ ሻይ ዋጋ አያህልም።

ስድስተኛ፤ መኪናው ሲሄድ በካሶኒ ውስጥ ሰው አይኑር፤ ቤት የሚሆነው ቆሞ ሳለ ብቻ ነው። ማደሪያውም ደልዳላ ስፍራ ይሁን፤ ጐማው በታኮ ይያዝ። የወንዝ ዳር ቢያምርም በክረምት አይታደርበትም፤ በላይኛው አገር የዘነበ ዝናም በታች ያለውን ሰው በሌሊት ይደርስበታልና።

ሰባተኛ፤ ከሁሉም የሚበልጠው፣ እሳት በሸራ ሥር ፈጽሞ አይግባ። ጥቂት ቀዳዳ ትተናል ማለትም አይበቃም። ልጅ ቢበርደው ደረቅ ልብስ ይለውጥ፤ ትኵስ ነገር ይጠጣ፤ በወላጆቹ መካከል ይተኛ። በተዘጋ ስፍራ እሳት ባለበት የብዙ ሰው ራስ በአንድ ጊዜ የታመመ እንደ ሆነ ምክንያት ሳይፈልጉ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ የደከመውንም ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ንጹሕ አየር ካገኘም በኋላ መርዙ ከደሙ ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃልና፣ «ነቅቷል» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው።

ስምንተኛ፤ የመንገዱን ጸጥታ መጠየቅ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በከማሺና በወለጋ በኩል ጸጥታ በመታወኩ መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ከመናኸሪያ፣ ከሾፌሮችና ከጸጥታ ሰዎች መጠየቅ፣ ሌሊት አለመሄድ፣ ሲያድሩም ሰው ባለበት ከተማ ውስጥ ማደር የአባወራ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም ለባለ መኪና ሁሉ አንድ ቃል አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጒዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጒዳቱ የደረሰው እንዲነዳው ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ቢሆንም እንኳ። ይህን ቊጥር በፍርድ ግልባጭ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠይቀው የደረሰውን ጒዳት ነው፤ ሳይደርስ ልናስቀረው እንችል የነበረውን ደግሞ ኅሊና ይጠይቀናል። መኪናውን ለሌላ ሰው ስንሰጥ ቊልፉን ብቻ ሳይሆን በእርሱ የተሳሳትነውንም ስሕተት አብረን ልንሰጥ ይገባናል። ፍሬኑ የት ላይ እንደሚግል፣ ጐማው መቼ እንደ ተቀየረ፣ በሸራው ሥር ምን እንደ ደረሰብን ነግረን ብንሰጥ፣ ያ ወጣት ሦስት ቀን ባልተኛ ነበር።

ልጃችን ዛሬ አድጋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁናለች። ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመላካችን በፊት አነበብንላት፤ እርሷም፣ «አባዬ፣ የእማማን እጅ መቃጠል እንዳትረሳው» አለችን። አልረሳነውም። እኒያ እናት ከባምባሲ ወደ አሶሳ ገበያ በመጡ ቊጥር ከቤታችን ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም፤ በመዳፋቸው ላይ ያለውንም ጠባሳ ባየን ቊጥር ዝም ያልንበትን ዓመት እናስባለን።

ከአንባቢዎቻችንም መካከል በመንገድ ላይ ያጠፋውን አውቆ ለሌላው ሊያስተምር የሚወድ ቢኖር ይጻፍልን፤ ስሙን ሳንገልጥ በዚህ ዓምድ እናወጣለን። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ የመጠጥ ውሃን በመንገድም በቤትም ንጹሕ አድርጎ ስለ መያዝ እንጽፋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።